ሳይታዩ የተሸጡት አራት አጥንቶች

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ የጀመርኩትን ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሚቀጥለው ላሸጋግረው። የዛሬው ጨዋታ ከስልክ የመጣ ነው። አንዲት አንባቢ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናት፣ ደውለው «ሲስተር፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ጌም ላይ ነው፤ አጥንት እየቆፈረ ይሸጣል፤ ይሄ ነገር ጤና ነው?» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ቅር እንዳይላቸው ብዬ ወዲያው ተናዘዝኩ፦ «እኔም ቆፍሬያለሁ፤ እኔም ሸጫለሁ፤ በመሸጤም የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስለቅሻለሁ።» ለእርሳቸው በጨረፍታ የነገርኳቸውን ለእናንተ በሙሉ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው ሴት ልጄ ሁለተኛ ልጇን የወለደች ጊዜ ነው። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው ከተማ ነው። የአገራችን ሰው ከመብዛቱ የተነሳ እንጀራ ከመንገድ ዳር ሱቅ የሚገዛበት ሰፈር ስለሆነ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። በሶውን፣ ሽሮውን፣ የገንፎውን ዱቄት ተሸክሜ ልጄን ላርስ ሄድኩ።

አራስ ቤት የሁሉም ዓይን ወደ አልጋው ነው። እንግዳው ሲገባ ሕፃኗን፣ ሲወጣ ሕፃኗን። የዘጠኝ ዓመቱ ታላቅ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ቦርሳውን በር ላይ ይጥላል፣ ከዚያ ኔንቴንዶ ስዊች የሚባለውን መጫወቻ ይዞ ሶፋው ጥግ ላይ ይሸጎጣል። በሥራ ዘመኔ ስንቷን እናት «ትልቁን ልጅ እንዳትረሺው» ብዬ መክሬ መሰላችሁ! መምከር ቀላል ነው። እኔ ራሴ ሕፃኗን ታቅፌ ልጁን አራት ቀን ሙሉ በቅጡ አላናገርኩትም።

በአምስተኛው ቀን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የእሱ አማርኛ ስብርባሪ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የመድኃኒት ማዘዣ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለልጅ ጨዋታ አይመችም። «ምን እየሠራህ ነው አባቴ?» አልኩት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «አጥንት እየቆፈርኩ» አለኝ።

ጨዋታው አኒማል ክሮሲንግ ይባላል፤ እሱ የሚጫወተው ኒው ሆራይዘንስ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የወጣውን ነው። ኮሮና ዓለምን ቤት የዘጋበት ወር መሆኑ ነው። ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። መግደል የለበትም፣ መሸነፍ የለበትም፣ «ጨዋታው አለቀ» ብሎ የሚጮህም የለም። አንድ ሰው በረሃማ ደሴት ላይ ድንኳን ተክሎ ይጀምራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ከእንስሳት ጎረቤቶቹ ጋር ያወራል፣ ቤት ይሠራል። የደሴቱ ሰዓት ከእውነተኛው ሰዓት ጋር እኩል ይሄዳል፤ እኛ ጋ ሲመሽ እዚያም ይመሻል፤ ታኅሣሥ ሲገባ በረዶ ይጥላል።

በየቀኑ ደሴቱ ላይ አራት ቦታ ያህል መሬቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ኮከብ ይመስላል። እዚያ ላይ በአካፋ ሲቆፈር ቅሪተ አካል ይወጣል። ያኔ ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው የሚመስሉት። ወደ ሙዚየም ተወስደው ብላዘርስ ለሚባለው ጉጉት መታየት አለባቸው። ጉጉት በእኛ ዘንድ ገደ ቢስ ወፍ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሲጮህ አያቴ እሳት ይዛ ትወጣ ነበር። ይሄኛው ግን ከረባት ያሰረ ምሁር ነው። ቀን ቀን ያንቀላፋል፣ ሲቀሰቅሱት ይደነግጣል፣ የነፍሳት ሙዚየም እያስተዳደረ ነፍሳት ይፈራል። ድንጋዩን አገላብጦ አይቶ «ይህ የትሪሴራቶፕስ ራስ ቅል ነው» ወይም «ይህ የብራኪዮሰረስ ዳሌ ነው» ይላል። ሙዚየሙ የሌለው ከሆነ ይለግሱታል፤ ካለው ደግሞ ይሸጡታል ወይ ለጓደኛ ይሰጡታል። ሙዚየሙን ለመሙላት 73 ቁራጭ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ዳይኖሰሮች በአንድ ቁራጭ አይሞሉም። ብራኪዮሰረስ ራሱን ችሎ እንዲቆም አራት ቁራጭ፣ ታይራኖሰረስ ሬክስ ደግሞ ራስ ቅል፣ ደረትና ጅራት ተብሎ ሦስት ቁራጭ ይፈልጋል።

የልጅ ልጄ 72ቱን ሞልቷል። የቀረው የቲ ሬክሱ ደረት ብቻ ነበር። በሙዚየሙ ትልቁ አዳራሽ ራስ ቅሉ ወደፊት፣ ጅራቱ ወደ ኋላ ተሰቅለዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ፣ በቀን አራት ድንጋይ ለጉጉቱ ሲያሳይ ከርሟል። አንዳንድ ልጆች የመጫወቻውን ሰዓት ወደፊት እያዞሩ የነገውን ዛሬ ይቆፍራሉ አሉ። አባቱ ከልክሎታል፤ ደግ አድርጓል። «ነገ ደግሞ አራት አለ» የሚለውን የተማረ ልጅ ብዙ ነገር ተምሯል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ልውጣና አንድ የሳቅሁበትን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጉጉቱ ኮፕሮላይት የሚባል ነገር አየለት። ምንድን ነው ብለው ልጁ አፈረ፤ በመጨረሻ በጆሮዬ «ካካ» አለኝ። ለካ ድንጋይ የሆነ የጥንት እንስሳ ሰገራ ነው! «አባቴ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የሰገራ ምርመራ ወረቀት ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ ምኑ ያሳፍራል?» አልኩት። እውነትም አያሳፍርም። ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ 44 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እንዲህ ያለ ሰገራ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ውስጡ የደቀቀ የሌላ ዳይኖሰር አጥንት ነበረበት። ባለቤቱ ቲ ሬክስ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል፤ አጥንት ሰባብሮ እንደሚውጥ የታወቀው ከዚያ ጭምር ነው። ሰገራ የበላተኛውን ምስጢር እንደሚያወጣ ማንኛዋም የጤና ጣቢያ ነርስ ታውቃለች። ልጁ ይህን ስነግረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጓደኞቹ «አያቴ የካካ ዶክተር ናት» ማለት ጀመረ። ዲፕሎማዬን እንዲህ ሲያስጠራው ዝም አልኩ።

እንግዲህ መቀራረባችን በዚሁ ሆነ። በዚያው ደሴት ላይ ለእኔም ሰው ፈጠረልኝ፤ ሽበት አደረገልኝ፣ ነጠላ የሚመስል ነገር ፈልጎ አለበሰኝ፣ ስሜን በላቲን ፊደል «እምዬ» ብሎ ጻፈ። አካፋም ሠርቶ ሰጠኝ። ቤት ስሠራ ግን ቶም ኑክ የሚባለው ባለሀብት 98,000 ቤል ዕዳ ጻፈብኝ። ቤል የደሴቱ ገንዘብ ነው። ልጁ «ወለድ የለውም፣ ቀንም የለውም፣ ስትፈልጊ ትከፍያለሽ» ብሎ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ አበዳሪ በእውነተኛው ዓለም ብታገኙ አድራሻውን ላኩልኝ። እኔ ግን ዕዳ ያለበት ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው አይደለሁም።

ጠዋት ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ አራሷና ሕፃኗ ሲተኙ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ማክሰኞ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና መጫወቻውን ከፈትኩ። ደሴቱን ስዞር ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ አየሁ፤ ቆፈርኩ። ሌላ አየሁ፤ ቆፈርኩ። አራቱንም አወጣሁ። ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ ሱቅ። መንታዎቹ ባለሱቆች አራቱን በ400 ቤል ገዙኝ። ዕዳዬ ላይ ከፈልኩ። ልቤ እንዴት ደስ እንዳለው!

ልጁ ከሰዓት መጣ፤ እንደ ልማዱ ከፈተ። አራት ጉድጓድ አየ፤ ድፍን እንኳ አላደረግኳቸውም ነበር። «እምዬ፣ አጥንቶቹ የት አሉ?» አለኝ። «ሸጥኳቸው፤ ዕዳ ከፈልኩበት» አልኩ በኩራት። «ጉጉቱ አያቸው?» ዝም አልኩ። «ጉጉቱ አያቸው ወይ?» ድምፁ ተቀየረ።

ለካ የታየ የቲ ሬክስ ደረት 5,500 ቤል ያወጣል። ያልታየ ድንጋይ ግን ምንም ይሁን ምን 100 ነው። ገንዘቡ አልነበረም ያስለቀሰው። ደሴቱ የጋራችን ስለሆነ የዕለቱ አራት ስንጥቅም የጋራችን ነው፤ እኔ ካወጣሁት ለእሱ አይቀርለትም። አባቱ መጥቶ ሊያጽናናው ሞከረ፦ «73 ዓይነት ካለ፣ ከአራቱ አንዱ እሱ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።» ልጁ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ «ላይሆን ይችላል። ግን አናውቅም። መቼም አናውቅም» አለ።

መቼም አናውቅም። ይህችን ቃል ሰምቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

ከዚህ በፊት በዚህ ዓምድ ጽፌው የማላውቅ ነገር ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን አክታ የምቀበል እኔ ነበርኩ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ አንድ ቀን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ መጣ። ሳሉ ከውጭ ይሰማል። አክታውን በዕቃ ተቀበልኩ፤ ስሙን ጽፌ ለመለጠፍ እስክሪብቶ ስፈልግ ምጥ የያዛት ሴት መጣችና ሮጥኩ። ስመለስ ጠረጴዛው ተጠርጓል። ጽዳት ሠራተኛዋ ስም የሌለው ዕቃ ስታይ የቆሻሻ መስሏት ጣለችው፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ለሰውዬው «እንደገና ነገ ጠዋት» አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ቲቢ ይሁን አይሁን፣ ይዳን አይዳን፣ ቤቱ ያሉትን ልጆች ያስይዝ አያስይዝ ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲያ ስም ሳልጽፍ አንዲት ጠብታ ደም እንኳ ከእጄ አውጥቼ አላውቅም። ሰውዬውን ግን ያ አላመጣውም።

እና ልጄ «እማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ስትለኝ እንዴት ብዬ ልንገራት? ልጁ ያለቀሰበትን ነገር በሚገባ አውቀዋለሁ።

ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አጥፍቻለሁ» አልኩት። ሽማግሌ ለልጅ ይህን ሲል በእኛ ቤት አልተለመደም፤ አባቱ ራሱ ቀና ብሎ አየኝ። ልጁ አልመለሰልኝም። እስከ ቅዳሜ ድረስ «አዎ»ና «አይ» ብቻ ሆነ ንግግራችን።

ቅዳሜ ልጄ «ሁለታችሁም ከዚህ ቤት ውጡልኝ፤ ሙዚየም ሂዱ» አለችን። በቀዩ መስመር ባቡር ዋሽንግተን መሃል ከተማ ሄድን። የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለመግባት አይከፈልም፤ ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ አያቶች ይህችን ያዙልኝ። ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ዋልኩበት።

የቅሪተ አካል አዳራሹ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ነው ታድሶ የተከፈተው። መሃሉ ላይ እውነተኛው ቲ ሬክስ ቆሟል፤ ቆሟል ከማለት ትሪሴራቶፕስ ረግጦ ራሱን ሊነቅል ጎንበስ ብሏል ማለት ይሻላል። ልጁ እጄን ያዘ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። «ደረቱ» አለ በሹክሹክታ። የጎድን አጥንቶቹን ቆጥሮ መጨረስ አቃተው። ጌሙ ውስጥ ደረት የሚባለው አንድ ዕቃ ነው፤ እዚህ ግን ስንትና ስንት አጥንት ተገጣጥሞ ነው ደረት የሆነው።

እዚህ ጋ የእኔ ተራ ሆነ። አጥንት እንደሆነ ተምሬዋለሁ። «ያቺን ትንሿን እጁን አየሃት? ላይኛዋ አንድ አጥንት ሁመረስ ናት። ከክርን በታች ያሉት ሁለቱ ራዲየስና አልና ናቸው። አሁን የራስህን ዳብስ።» ክርኑን ዳበሰ፤ የእኔንም ዳበሰ። «እኛም አለን?» «አለን። በግና ዶሮም አላቸው። ልዩነቱ እሱ ሁለት ጣት ብቻ ነው ያለው።» ከጭን አጥንት ወደ ቅልጥም፣ ከቅልጥም ወደ ቁርጭምጭሚት እያልን ወረድን። በዶሮ ወጥ ቆጥሬ አስረዳሁት፤ ፈረሰኛዋ የቱ ጋ፣ ቅልጥሟ የቱ ጋ። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ስትበለት ወጥ ቤት የቆመ ልጅ የዳይኖሰር እግር አይጠፋውም፤ ወፎች ከዳይኖሰር ወገን የተረፉ ናቸውና። ሁለት ፈረንጆች ቆመው ሲያዳምጡን ነበር፤ ምን እንደገባቸው እንጃ።

የዚያን ቲ ሬክስ አመጣጥ ቤት ገብተን አነበብነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሞንታና ውስጥ ካቲ ዋንክል የምትባል ከብት አርቢ ሴት ከቤተሰቧ ጋር ለሽርሽር ወጥታ ሳለ መሬት ላይ ብቅ ያለ አጥንት አየች። ምን እንደሆነ አላወቀችም። ከባሏ ጋር ቆፍረው ያወጡትን ተሸክመው፣ ቦዝማን ከተማ ወዳለው የሮኪስ ሙዚየም ወሰዱት። ባለሙያዎቹ ሲያዩት የቲ ሬክስ ክንድ ሆኖ ተገኘ፤ እስከዚያ ቀን የትም አገር ሙሉ ክንዱ ተገኝቶ አያውቅም ነበር። ልጁ ይህን ካነበበልኝ በኋላ ረጅም ጊዜ አየኝ። «አዎ፤ ጉጉቱ ጋ ወሰደችው» አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ሳይ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በነገራችን ላይ አጥንት መሸጥ በእውነተኛውም ዓለም አለ። ሱ የተባለችው ቲ ሬክስ እ.ኤ.አ. በ1990 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ተገኝታ፣ በ1997 ኒው ዮርክ ላይ በሐራጅ በ8.36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች፤ የገዛት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ስለሆነ ሕዝብ ያያታል። በ2020 ስታን የተባለው ሌላው ደግሞ በ31.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንዲህ ዋጋው ሲወጣ ሙዚየሞች ይቸገራሉ፤ ሀብታም ሳሎን ውስጥ የገባ አጥንት ደግሞ ለተመራማሪ በቀላሉ አይገኝም። የእኔ 400 ቤል ከዚህ ሲታይ ቀላል ወንጀል ነው ብዬ ልጁን ላስቀው ሞክሬ ነበር፤ በዚህ እንኳ አልሳቀም።

ያን ሰሞን ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። «የኛ አገር ዳይኖሰር አለ?» የልጅ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ደስ አይለኝም፤ ፈልጌ አገኘሁለት። በጀማና በሙገር ወንዞች ሸለቆ፣ በኋለኛው የጁራሲክ ዘመን ድንጋይ ውስጥ፣ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ቲ ሬክስ ከመፈጠሩ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድመው የኖሩ ናቸው። ጀማ ሸለቆን እኔ አውቀዋለሁ! ለክትባት ዘመቻ የበረዶ ሳጥን በበቅሎ አስጭነን በእግራችን ወርደናል። ድንጋዩን ስንረግጥ፣ ስንረግም፣ ጫማችን ሲቀደድ ምን እንደምንረግጥ ያወቀ አልነበረም። ይህን ስነግረው ልጁ ወደ እግሬ አየ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ከ73ቱ ውስጥ ዳይኖሰር ካልሆኑት አንዱ አውስትራሎፒት የተባለ፣ የሰው ዘመድ የሆነ ራስ ቅል ነው። ልጁ ገና ድሮ ለግሶት ረስቶታል፤ ከዚያ በኋላ የወጡለትን ትርፎች በ1,100 ቤል ሦስት ጊዜ ሸጧል። የድንቅነሽን ነገር አጫወትኩት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ መገኘቷን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት፣ ፈረንጅ ሉሲ እንደሚላት፣ አጥንቶቿ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም እንደሚጠበቁ፣ ወገኗም አውስትራሎፒቴከስ እንደሚባል። «ከዳይኖሰር ጋር ትኖር ነበር?» አለኝ። አልኖረችም፤ ዳይኖሰሮቹ ከእሷ 60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድመው ጠፍተዋል። ካርቱኑ ሁሉ አብሮ ስለሚሥላቸው ልጆች ይሳሳታሉ፤ የእናንተንም ጠይቋቸው። ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ «እምዬ፣ እኔ ድንቅነሽን ሦስት ጊዜ ሸጥኳት» አለኝ። «አላወቅህም እኮ የኔ ጌታ።» «አንቺም አላወቅሽም» አለኝ።

የደወሉልኝ እናት የጠየቁኝ ግን ስለ ጤና ነበርና ሳልመልስላቸው አልለፍ። ልጁ ትንሽ ከሆነ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለው ቢቀርበት ነው የሚመክረው። ተለቅ ላለው እኔ የማየው እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሩጫውንና ትምህርቱን ነው። እነዚህ ካልተነኩ ጌሙን አልጣላውም። ከተነኩ እጣላዋለሁ። ዓይኑን በየ20 ደቂቃው ከስክሪን አንስቶ ራቅ ያለ ነገር ይይ። መኝታ ክፍል ይዞ አይግባ። የማያውቀውን ሰው በኢንተርኔት ደሴቱ ላይ አያስገባ፤ ይህን አባትና እናት ከመጫወቻው መቆጣጠሪያ ላይ መዝጋት ይችላሉ። የቀረው አጠገቡ መቀመጥ ነው። «ዛሬ ምን ወጣልህ?» ብለው ይጠይቁት። ባይገባዎትም ይጠይቁት።

ይህን ጨዋታ የፈጠረው ካትሱያ ኤጉቺ የሚባል ጃፓናዊ ለሥራ ብሎ ዘመዶቹንና ጓደኞቹን ትቶ ኪዮቶ ገባ። ብቸኝነቱ ነው ሐሳቡን ያመጣለት፤ በተለያየ ሰዓት የሚገቡ የአንድ ቤት ሰዎች አንድ መንደር ውስጥ እንዲኖሩ ማድረግ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ውስጥ ወጣ። ይህን ሳነብ የእኔና የልጁ ነገር ገረመኝ፤ እኔ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት፣ ደሴቱ አንድ።

ሦስት ወሬ አልቆ ተመለስኩ። እዚህ መጫወቻው የለኝም፤ በስልክ ነው የምንገናኘው። የእነሱ እሑድ ጠዋት የእኛ ከሰዓት በኋላ ነው። ከተመለስኩ በስድስተኛው ሳምንት ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ «እይ!» አለኝ። ቲ ሬክሱ ሙሉ ሆኖ ቆሟል። የክፍል ጓደኛው ሁለት ደረት ወጥቶለት አንዱን አምጥቶለት ነው፤ እሱም በለውጡ የትሪሴራቶፕስ ራስ ቅል ሰጠው። እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ በአጥር ደነገጠች።

ከዚያ ካሜራውን ወደ እኔ ቤት ወሰደው። ደሴቱ ላይ ያለችው፣ ዕዳዋ ያላለቀው። ደጃፏ ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«አላውቅም። ለጉጉቱ አላሳየሁትም፤ ያንቺ ነው» አለኝ። «መቼ ነው የምትመጪው?»